አኬልዳማን የገዛው ብር

የሥነ ጽሑፍ ክበባችን እንደ ልማዱ የሚያነብበው መጽሐፍ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ግን፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ገርጂ ባለው አዳራሻችን ነጭ ጨርቅ ሰቅለን በፕሮጀክተር አንድ የቆየ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አየን። ስሙ «አኬልዳማ» ነው፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ኅዳር 2004 ዓ.ም. በሦስት ክፍል ያስተላለፈው ዘጋቢ ፊልም። ከተሰበሰብነው መካከል ብዙዎቹ ያኔ ገና የሕፃናት ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። መብራት እንዳይጠፋብን በልቡ ሲጸልይ የነበረው ድምፅ ማጉያውን የሚቆጣጠረው ልጅ ብቻ ይመስለኛል፤ ሌላው ሻዩንና ቆሎውን ይዞ ጨዋታ ላይ ነበር።

ሲያልቅ አንድ ወንድም እጁን አወጣና፣ «ይሄ እኮ ዜና ነው፤ ለእኛ ክበብ ምኑ ነው?» ብሎ ጠየቀ። የሚያጠግብ መልስ አልሰጠሁትም። መልሱ የመጣልኝ ወደ መገናኛ የሚሄድ ታክሲ ስጠብቅ ነው፤ ዘግይቶም ቢሆን እነሆ።

ይህ ፕሮግራም ርዕስ አለው። ተራኪ አለው። ገጸ ባሕርያት አሉት፤ ክፉዎቹ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ተለይተው የታወቁ ናቸው። በየት ጋ መደንገጥ፣ በየት ጋ ማዘን እንዳለብን የሚነግረን ሙዚቃ አለው። ሴራም አለው፤ ቃሉን በሁለቱም ትርጉሙ ውሰዱት። ልቦለድ ላይ የምንጠይቃቸውን ጥያቄዎች፣ ማን ነው የሚያወራው? ማን ዝም ተባለ? መጨረሻው ከየት መጣ? የሚሉትን፣ ቴሌቪዥን ፊት ስንቀመጥ ለምን እናስቀምጣቸዋለን? የልቦለድ ገጸ ባሕርይ ቢበደል ደራሲው ነው የሚወቀሰው። እዚህ የተበደለው ሰው ፊልሙ ሲያልቅ ወደ እስር ቤት ክፍሉ ነው የሚመለሰው።

ከርዕሱ ልጀምር፤ ርዕሱ ከእኛ መጽሐፍ የተወሰደ ነውና።

አኬልዳማ የሚለውን ስም የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 ላይ ታገኙታላችሁ፤ የደም መሬት ማለት ነው። የፊልሙ አዘጋጆች የፈለጉት ይህን ትርጉሙን ብቻ እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ሽብርተኞች አገሪቱን የደም መሬት ሊያደርጓት ነው ለማለት። ቃሉ ግን ታሪክ አለው። ማቴዎስ 27ን አውጥታችሁ አንብቡ። ያ መሬት ደም የፈሰሰበት የጦር ሜዳ አልነበረም። የሸክላ ሠሪ መሬት ነበር። የተገዛው በሠላሳ ብር ነው፤ ሠላሳው ብር ደግሞ አንድን ንጹሕ ሰው ለአሳሪዎቹ አሳልፎ ለመስጠት የተከፈለ ዋጋ ነው። ይሁዳ ተጸጽቶ ብሩን መቅደሱ ውስጥ ሲጥለው የካህናት አለቆች ያስጨነቃቸው ምን ነበር? የሂሳብ ደንቡ። የደም ዋጋ ወደ መባ ሣጥን መግባት አይገባውም ብለው ተመካከሩና መሬቱን ገዙበት። ሌሊቱን ሐሰተኛ ምስክር ሲፈልጉ ያደሩት እነሱ ናቸው፤ ጠዋት ላይ ግን ስለ ገንዘቡ ሕጋዊነት ጠንቃቆች ሆነው ተገኙ። ሉቃስ በሐዋርያት ሥራ ሲጽፈው አገዛዙን በሌላ መልክ ይነግረናል፤ ስለ ገንዘቡ ምንጭ ግን ሁለቱም አይለያዩም።

እንግዲህ በእስር ላይ ባሉ፣ ገና ባልተፈረደባቸው ሰዎች ላይ ለተሠራ ፊልም ይህን ስም ማውጣት ምን ማለት ነው? መጽሐፍ ቅዱሱን ለሚያውቅ አንባቢ ርዕሱ በከሳሹ ላይ ነው የሚመሰክረው። እኔ ይህን ያየሁት ፊልሙ ከተላለፈ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ2004 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያን የማይቀር ወጣት ነበርኩ፤ ርዕሱን ስሰማ የተሰማኝ ነገር ቢኖር ኩራት ቢጤ ነው፤ «የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል በቴሌቪዥን!»

ነገሩን ለማታስታውሱ፦ ጋዜጠኛው እስክንድር ነጋና የአንድነት ፓርቲው አንዱዓለም አራጌ መስከረም 2004 ዓ.ም. ታሰሩ። የተከሰሱት በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ነው። ፊልሙ የታየው በኅዳር፣ ጉዳያቸው ፍርድ ቤት ሳለ ነው። ጥፋተኛ የተባሉት በሰኔ። እስክንድር 18 ዓመት፣ አንዱዓለም ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ማለትም ቴሌቪዥኑ ፍርዱን ከዳኞቹ በሰባት ወር ቀድሞ አውቆት ነበር። ሁለቱም የካቲት 2010 ዓ.ም. ተፈቱ።

የፊልሙ ዋና መሣሪያ ቃል ሳይሆን መቀስ ነው። የቦምብ አደጋ የጎዳቸው ሰዎች ምስል ይመጣል፤ ቀጥሎ የተከሳሾቹ ፊት ይመጣል። «እነዚህን የገደሉት እነዚህ ናቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር መናገር አያስፈልግም፤ ዓረፍተ ነገሩን የሚሠራው ተመልካቹ ነው፣ በገዛ ራሱ ጭንቅላት። ራሳችን የሠራነውን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ማንም ሊያስተባብልብን አይችልም። ጠበቃ አንድን ምስክር መስቀለኛ ጥያቄ ሊጠይቀው ይችላል፤ በሁለት ምስሎች መካከል ያለውን ስፌት ግን ማን ይጠይቀዋል?

ሽብር ተረት ነበር እያልኩ አይደለም። ሚያዝያ 1999 ዓ.ም. ሶማሌ ክልል አቦሌ በሚባል ቦታ በነዳጅ ፍለጋ ሠራተኞች ላይ በደረሰው ጥቃት ከ70 በላይ ሰው ሞቷል፤ አብዛኞቹ የእኛው ልጆች፣ ዘጠኙ ቻይናውያን። ለእነዚያ ሰዎች ደም ፍርድ መጠየቅ ተገቢ ነው። ግን የሞተን ሰው ምስል ከእርሱ ሞት ጋር ግንኙነቱ ባልተረጋገጠ ሰው ፊት አጠገብ መለጠፍ ለሟቹም ክብር አይደለም። የእርሱን ደም ለሌላ ጉዳይ ማዋል ነው።

ምስል ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ደግሞ በዚያው ዘመን የሆነ አንድ ነገር ልጥቀስ። በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ ሁለት የስዊድን ጋዜጠኞች ከሶማሊያ ወደ ኦጋዴን በሕገ ወጥ መንገድ ገብተው ተያዙ፤ በሽብር ተከሰው 11 ዓመት ከተፈረደባቸው በኋላ በ2005 መባቻ በይቅርታ ወጡ። ድንበር መጣሳቸውን አልካዱም። ከጊዜ በኋላ ግን የሶማሌ ክልል ቴሌቪዥን የቀድሞ ኃላፊ ያልተቆረጠውን ቀረፃ ይዞ ከአገር ወጣና በስዊድን ቴሌቪዥን ታየ። የአያያዛቸው ትዕይንት እንደ ድራማ፣ በባለሥልጣን አዘጋጅነት እንደገና ተሠርቶ የተቀረፀ እንደነበረ ሰው ሁሉ አየ። እኛ በቤታችን «ዓይናችን ያየው» የምንለው ነገር ለካ ሁለተኛ ቀረፃ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ እኔ ቤት ልምጣ።

ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም. ማታ ያው ጣቢያ «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘውን ፊልም አቀረበ። ይህኛው ስለ ሙስሊሙ ማኅበረሰብ የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ነው። ሰዎቹ ሐምሌ 2004 ዓ.ም. ታስረው ጉዳያቸው በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እየታየ ነበር። ጠበቆቻቸው ፊልሙ እንዳይተላለፍ አመልክተው ፍርድ ቤቱ በዚያው ዕለት እግድ ሰጥቷል። ፊልሙ ተላለፈ። እስቲ ይህን ለአፍታ ቆም ብላችሁ አስቡት፤ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር ጣቢያ ሕግ የጣሱ ናቸው የሚላቸውን ሰዎች ለማጋለጥ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲጥስ። በፊልሙ ውስጥ ተከሳሾቹ በምርመራ ላይ ሳሉ የተቀረፀ ቃላቸው ይታያል። ጠያቂው ከካሜራው ጀርባ ነው። ማን እንደሆነ፣ ካሜራው ከመከፈቱ በፊት ምን እንዳለ፣ ምን እንዳደረገ አናውቅም።

ያኔ የምንኖረው እዚሁ ገርጂ፣ ከሦስት ቤተሰብ ጋር በምንጋራው ግቢ ውስጥ ነበር። አንደኛው ቤተሰብ ሙስሊም ነው። እማዬ እናትየዋን «እህቴ» ነበር የምትላት፤ ቡና ያለ እሷ አይፈላም። ትልቁ ልጅ የግቢው ባለሙያ ነበር፤ ፊውዝ የሚቀይረው እሱ፣ ዝናብና ንፋስ ዲሻችንን ባዞረብን ቁጥር ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚያስተካክለው እሱ። «መጣ?» ይላል ከላይ፤ «ትንሽ ወደ ግራ!» እንላለን ከታች። ያን ማታ ፊልሙን ጥርት አድርገን ያየነው እሱ ባስተካከለው ዲሽ ነው።

ፊልሙ ሲያልቅ አባዬ፣ «ይሄ ልጅ ግን አርብ አርብ የት ነው የሚውለው?» አለ። አንዋር መስጊድ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ማንም አልመለሰም። ከዚያ በኋላ ጠብ አልነበረም፤ ማንም ክፉ አልተናገረም። ዲሹ ሲዞር ግን አልጠራነውም። ለሁለት ሳምንት ያህል በተበላሸ ምስል ቆየንና ከውጭ ባለሙያ ጠርተን ከፍለን አሠራን። እሱ በግቢው በር ሲገባ ሰውየውን ጣሪያችን ላይ አየው። ቀና ብሎ አየና ወደ ቤቱ ገባ።

በዚያው ሳምንት በወጣቶች የጸሎት ኅብረት ላይ ያ ፊልም የጸሎት ርዕስ ሆነ። የመራው ሰው ማን እንደነበረ መጻፍ አያስፈልግም፤ እኔም «አሜን» ካሉት አንዱ ነኝ። ጸሎቱ በቅን ልብ የተደረገ ነበር፤ ለአገር ሰላም ነው የጸለይነው። ግን የጸሎቱን ፍሬ ነገር ከየት አገኘነው? ማንም ኮሚቴው የጠየቃቸው ጥያቄዎች ምን እንደነበሩ አልጠየቀም። የመጅሊስ ምርጫ በመስጊዶች ይካሄድ፣ የአወሊያ ትምህርት ቤት አስተዳደር ነጻ ይሁን፣ መንግሥት በእምነት አስተምህሮ አይግባብን የሚሉ ነበሩ። እኛ ጴንጤዎች ይህን መጨረሻውን ጥያቄ ልንረዳው የማንችል ሰዎች ነን?

የናቡቴን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው «ኤልዛቤል ወይኑን ቀማች» በሚል ነው። አንደኛ ነገሥት 21ን ቀስ ብላችሁ ስታነብቡት ግን ነገሩ የተሠራው በደብዳቤ፣ በንጉሡ ማኅተም፣ በሁለት ምስክሮችና በጾም አዋጅ ነው። ጾሙ ከሁሉ ይቀድማል። ሕዝቡ ናቡቴን የወገረው እየጾመ ነው። ያ ሁለት ሺህ ጊዜ ያለፍኩበት ቃል የቆመብኝ ያን የጸሎት ምሽት ካስታወስኩ ወዲህ ነው።

ሐምሌ 2007 ዓ.ም. የኮሚቴው አባላትና አብረዋቸው የተከሰሱት ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። ከዚያ በይቅርታ፣ በየጊዜው እየተከፋፈሉ ወጡ። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የሙስሊሙን አንድነት ለማምጣት በጠቅላይ ሚኒስትሩ አነሳሽነት የተቋቋመ ዘጠኝ አባላት ያሉት ኮሚቴ ውስጥ እነዚሁ ሰዎች ገቡ። ይህንንም በዚያው ቴሌቪዥን፣ በፈገግታና በመጨባበጥ አየን። በዚያው የምሽት ሰዓት፣ በዚያው ርዝመት፣ «የዛሬ አምስት ዓመት ያሳየናችሁ ፊልም እንዲህ እንዲህ ያለ ስህተት ነበረበት» የሚል ፕሮግራም ግን እኔ አላየሁም።

ይህ አሠራር በ2004 የተፈለሰፈ እንዳይመስላችሁ። ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። አሥረኛ ዓመቱ ላይ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ደርግ አንድ ፊልም አሳየ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ ሠርቶ ባለፈው ዓመት በአገሩ ቴሌቪዥን ያሳየው ነው። የአዲስ አበባው ቅጂ ግን ሌላ ነገር ተጨምሮበት ነበር፦ የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ የሠርግ ኬክ፣ የሻምፓኝ ብርጭቆ። የተራበ ሕፃን፣ ከዚያ ኬክ። የአጥንት ገላ፣ ከዚያ ግብዣ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ።

ረሃቡ እውነት ነበር። ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው፤ ዘውዳዊው መንግሥት ደብቆታል፣ ጣቢያውም አብሮ ዝም ብሏል። ስለዚህ በዚያ ማታ የታየው ምስል አንድ በአንድ ሐሰት አልነበረም። ሕዝቡን ያሳበደው መጋጠሙ ነው። የረሃቡን ጥፋት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ የቀድሞ ባለሥልጣናትን እየጠየቀ ነበር፤ ሥራውን ሳይጨርስ፣ ፊልሙ በታየ በአሥር ሳምንት ገደማ፣ ኅዳር 14 ማታ አክሊሉ ሀብተወልድን ጨምሮ 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። አንድ ፊልም ገደላቸው አልልም። ግን «መርማሪው እስኪጨርስ እንቆይ» የሚል ድምፅ በከተማው ውስጥ ለምን ጎልቶ አልተሰማም ብላችሁ ስታስቡ፣ ያ ማታ አብሮ ይታሰብ።

አሥር ዓመት ቆይቶ፣ መስከረም 1977፣ ያው ጣቢያ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ በደመቀ ሁኔታ አከበረ፤ የቀለም ሥርጭትም የመጣው ለዚያ በዓል ነው። በዚያው ሰዓት ወሎና ትግራይ ሰው በረሃብ ያልቅ ነበር። ዓለም ያወቀው በጥቅምት፣ ማይክል በርክ ከመሐመድ አሚን ካሜራ ጋር ከኮረም ለቢቢሲ በላከው ዘገባ ነው። በረሃብ ፊልም ሥልጣን ላይ የወጣ መንግሥት ረሃብን ከፊልም አስወጣ። ኬክና ሕፃኑን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ መቀስ በዚያ ዓመትም ነበር። የያዘው ሰው ግን በግብዣው ላይ ነበር።

እኛ ወንጌላውያን ይህን ነገር ከውጭ ሆነን የምንተች አይደለንም። አዲስ አበባ ላይ ለ14 ዓመት ያህል ሲሠራ የነበረውን ብስራተ ወንጌል ሬዲዮ ደርግ መጋቢት 1969 ዓ.ም. ወረሰው፤ ስሙም የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። ማይክራፎኑ፣ ሕንፃው፣ ማሰራጫው ያው ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት «መጤ»፣ «የኢምፔሪያሊዝም ተላላኪ» የተባሉት አባቶቻችንና እናቶቻችን ናቸው። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ተይዘው ተገደሉ። በኋላ እንደምናውቀው ተላላኪም፣ ሰላይም አልነበሩም። ስለ እኛ የተነገረውን ያመነው ጎረቤት ክፉ ሰው ስለነበረ አይደለም። እንደ አባዬ ሬዲዮኑን የሚያምን ሰው ስለነበረ ነው።

የመጨረሻው ምሳሌዬ ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱትና ምናልባትም የምትቆጡብኝ ነው። ለውጡ መጣ። ማዕከላዊ በ2010 ተዘጋ። በኅዳር 2011 የሜቴክ የቀድሞ ዋና ዳይሬክተር ጄኔራል ክንፈ ዳኘው እጃቸው በካቴና ታስሮ በወታደሮች ታጅበው ሲመጡ በቴሌቪዥን አየን፤ ያኔ ክስ እንኳ አልተመሠረተባቸውም። በታኅሣሥ «የፍትህ ሰቆቃ» የሚል ዘጋቢ ፊልም ቀረበ። በምርመራ ስም የተደበደቡ፣ አካላቸው የጎደለ ሰዎች ቀርበው የደረሰባቸውን ተናገሩ። ቤታችን ውስጥ ያልለቀሰ አልነበረም። እኔም አለቀስኩ፤ አሁንም ቢሆን የእነዚያ ሰዎች ሕመም እውነት መሆኑን አልጠራጠርም።

ነገር ግን ሂስ ከሆነ ሂስ ነው። ያው ሙዚቃ ነበር። ያው ተራኪ ነበር። ተጠርጣሪዎቹ ገና ፍርድ ፊት ሳይቆሙ ፍርዱ ተነቧል። ከዚህ የባሰው፣ የመርማሪዎቹ ቋንቋና ብሔር በተደጋጋሚ ተነሣ፤ በደል የፈጸመ ሰው በደል ከፈጸመ ሕዝብ ጋር ሊደባለቅ ጥቂት ቀረው። ብዙ የትግራይ ተወላጆች ያን ጊዜ ቅር ሲላቸው፣ «እውነት ሲወጣ ለምን ትከፋላችሁ?» ብለን የመለስን እኛ ነን። በ2005 ለጎረቤታችን ልጅ በልባችን የሰጠነው መልስ ቃል በቃል ይኸው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ጦርነት መጣ፤ የሁለቱም ወገን ቴሌቪዥን በዚያ ጦርነት ምን ሲል እንደነበረ የምታስታውሱት ስለሆነ አላነሣውም።

በ«ጂሃዳዊ ሐረካት» ውስጥ ከምርመራ ክፍል የወጣ ቃል እንደ ማስረጃ ቀረበልን። በ«የፍትህ ሰቆቃ» ውስጥ የምርመራ ክፍሉ ራሱ እንደ ወንጀል ቦታ ቀረበልን። የሁለቱም አቅራቢ አንድ ጣቢያ ነው። ታዲያ መጀመሪያ ያሳየንን ቃል በምን ዓይነት ክፍል ውስጥ እንደተቀረፀ ሁለተኛው ፊልም ከነገረን፣ የመጀመሪያው ፊልም ምን ሆነ?

«ታዲያ ምን ይደረግ? ዜና አንይ?» የሚል ይኖራል። ሌላ መንገድ እንዳለ ያው ጣቢያ አንድ ጊዜ አሳይቶናል። ከግንቦት 1997 ምርጫ በፊት ገዢው ፓርቲና ተቃዋሚዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሲከራከሩ በቴሌቪዥን ተላለፈ። ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፤ ካፌው፣ ሳሎኑ፣ ሱቁ ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩሎ ነበር። ማራኪ ቀረፃ፣ አስለቃሽ ሙዚቃ አልነበረውም። የነበረው ሁለተኛው ሰው ነው። የመጀመሪያው ተናጋሪ ሲጨርስ፣ ያልተቆረጠ ሁለተኛ ሰው መልስ ይሰጣል። ምሳሌ 18 ቁጥር 17 ላይ ያለው ጥበብ በስቱዲዮ ውስጥ ሲሠራ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከምርጫው በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ ጠረጴዛው ተነሣ።

ሕጉም አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት አለው ይላል። በአንቀጽ 29 ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀስ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ እንዲችል ሆኖ እንዲመራ ያዛል። ጣቢያው ኮርፖሬሽን ሆኖ ሲቋቋም ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተደረገ፤ በወረቀት ላይ አለቃው የመረጥነው ሰው ነው። የጎደለው፣ አንድ ተራ ተመልካች «ይህ ያሳያችሁኝ ነገር ስህተት ነበር» ብሎ ቢመጣ በር የሚከፍትለትና በአደባባይ መልስ የሚሰጠው ልማድ ነው።

ልማዱ ምን እንደሚመስል ለማየት ስለ እኛው ረሃብ የተሠራ ሌላ ዘገባ አለ። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 በዓለም አቀፍ ሬዲዮው፣ በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ለትግራይ የተላከ የእርዳታ ገንዘብ ለጦር መሣሪያ ዋለ የሚል ዘገባ አቀረበ። ባንድ ኤይድን ያቋቋሙት እነ ቦብ ጌልዶፍ ተቆጥተው አቤት አሉ። የጣቢያው የራሱ አቤቱታ ሰሚ ክፍል መረመረና፣ የባንድ ኤይድ ገንዘብ ተዘርፏል የሚል ግንዛቤ መስጠቱ በማስረጃ ያልተደገፈ ነው ብሎ ፈረደ። በዚያው ዓመት ኅዳር ቢቢሲ በራሱ ጣቢያዎች ላይ ይቅርታ ጠየቀ። ቢቢሲ ቅዱስ ነው አላልኩም፤ አቤት ያለው ሰው ዝነኛ ባይሆን ኖሮ ይሰማ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅም ያስኬዳል። ግን ይቅርታው የተነገረው ስህተቱ በተነገረበት አፍ ነው።

ከአገር ውጭ የተቋቋሙትን እነ ኢሳትንና ኦኤምኤንን ለምን ዘለልካቸው እንዳትሉኝ። መንግሥት ዝም ያላቸውን ድምፅ አሰምተውናል፤ ለዚያ ምስጋና ይገባቸዋል። ሆኖም ክፉው ከመጀመሪያው ደቂቃ የታወቀበት፣ ሁለተኛው ሰው ያልተጠራበት ፕሮግራም እነሱም ጋ ሞልቷል፤ ለዚያ ግን ሌላ እትም ይበቃዋል። የራሳችንን የወንጌል ቻናሎችም እንዲሁ። ተፈወሰ የተባለው ሰው ከስድስት ወር በኋላ እንዴት እንደሆነ ተመልሶ የጠየቀ ካሜራ አይቼ አላውቅም። አዘጋጆቹ ይህን መስመር ካላወጡልኝ ደስ ይለኛል።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት የድሮ ጎረቤታችንን ልጅ ደወልኩለት፤ ስለ እሱ ለመጻፍ ፈቃዱን ለመጠየቅ። አሁን ጃክሮስ አካባቢ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አለው። ስሜን አትጻፍ እንጂ ጻፈው አለኝ። ያን ማታ እነሱም ፊልሙን እያዩ እንደነበር የነገረኝ ያኔ ነው። እናቱ መሃል ላይ ተነሥታ ድምፁን ዝቅ አድርጋዋለች፣ ግድግዳው ስስ ስለሆነ እኛ ቤት እንዳይሰማ። ግድግዳው በእርግጥ ስስ ነው፤ የእኛን ቴሌቪዥን ሙሉውን ሰምተውታል። አባዬ የጠየቀውን ጥያቄም ሰምተው እንደሆነ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። አልጠየቅኩትም።

ክበባችን ቀጥሎ የሚያየው «ጂሃዳዊ ሐረካት»ን ነው። እንዲመጣ ጋብዤዋለሁ፤ ሱቁን የሚጠብቅለት ሰው ካገኘ እመጣለሁ ብሏል።